ችግኙን ብዙ ሰው ይተክለዋል፤ መናፈሻውን ማን ይጠብቀው?

ሐምሌ ሲገባ በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ችግኝ ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በመላ ሀገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። ከተከላው በኋላ ያለው ሥራ ግን ይህን ያህል ሕዝብም ካሜራም አያገኝም። የከተማ መናፈሻ የሚለማውም የሚጠፋውም በዚህኛው ሥራ ነው።

በአንድ አነስተኛ መናፈሻ 500 ችግኝ ተተከለ እንበል። በበጋ ለአንዱ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ውኃ ቢታሰብ፣ ለሁሉም 5,000 ሊትር ወይም ባለ 20 ሊትር 250 ጀሪካን ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት 20 ያህል ሳምንታት ቁጥሩ 5,000 ጀሪካን ይደርሳል። ሥሩ ጠልቆ ራሱን እስኪችል ደግሞ አንድ በጋ አይበቃውም። ይህ በዘመቻ የሚወጡት ሥራ አይደለም፤ ቀን ቆጥሮ የሚያጠጣና ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ይፈልጋል።

ልቅ ግጦሽም አለ። አዝመራው ተነሥቶ ከብቱ ሲለቀቅ የእሾህ አጥር ብዙ አይመክትም፤ ማገዶ የቸገረውም ቀስ በቀስ እየነቀለ ይወስደዋል። በዚህ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የከተማው ነዋሪም ከብት ያረባል።

የገበዝ ማርያም ነዋሪ የከተማውን ስም ሲጠራ መፍትሔውን አብሮ ይጠራል። ገበዝ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የደብሩን ሕንጻና ንብረት በኃላፊነት የሚጠብቅ ሹም ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ሲያልቅ ዝግባውና ወይራው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ምእመኑ ያከብረዋል፣ ጉዳት ሲደርስም የሚጠየቅ ሰው ይታወቃል። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ደንም ቢሆን ከብት ችግኙን እየረገጠና እየበላ ተተኪ ዛፍ ሲያሳጣው ታይቷል። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማንና ከየአጥቢያው ሕዝብ ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ያደረጉት ለዚህ ነበር። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለተለቀመ ማሳውም ለእርሻ ተመቸ። የከተማ መናፈሻም ከእሾህ አጥር ይልቅ እንዲህ ያለ ካብ ይሻለዋል።

በቡሬ «ፓርክ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ነው፤ እርሱ የሚያስተዳድረው ኮርፖሬሽን አለው። ጥላ የሚሰጠው መናፈሻ ግን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ግብርና፣ ከግብርና ወደ አካባቢ ጥበቃ ሲገፋ ባለቤት ያጣል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው አንድነት ፓርክ ጎብኚውን የመግቢያ ክፍያ ያስከፍላል። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በሽተኛ አድርሶ ወይም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ መጥቶ ጥላ የሚፈልግን ገበሬ ግን በር ላይ ማስከፈል መናፈሻውን ለተፈለገበት ሰው መዝጋት ነው። ቦታውን ለተደራጁ ወጣቶች ሰጥቶ ከሻይና ከጭማቂ ሽያጭ ለጥበቃው ማስከፈል የተሻለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ውሉ ምን ያህል ስፋት ላይ ቤት እንደሚሠራ፣ በሩ ለማንም ክፍት እንደሚሆንና በየዓመቱ ስንት ዛፍ ቆሞ መገኘት እንዳለበት በጽሑፍ ካልወሰነ፣ መናፈሻው ጥቂት ዛፍ ያለው መጠጥ ቤት ሆኖ ይቀራል።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የተከላው ወቅትም ያው ነው። በመሆኑም ከችግኙ ወጪ ጎን የጠባቂውና የውኃ አጠጪው ደመወዝ፣ የቧንቧው መሥመር እንዲሁም የካቡ ሥራ መያዝ አለመያዙን ነዋሪው ሰኔ ሳይወጣ የቀበሌ ተወካዩን ቢጠይቅ ጊዜው አያልፍበትም።