ከካርቶኑ ሥር ያለው ተምር



ባለፈው ረመዷን ለመስጂዳችን ኢፍጣር ሃያ ካርቶን ተምር ገዝተን ነበር። ሲከፈት ላዩ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ግን የአምና ይሁን የካቻምና የማይታወቅ፣ የደረቀ፣ አንዳንዱም ነቀዝ የገባበት ሆኖ ተገኘ። የመንገደኛና የችግረኛ ማፍጠሪያ መሆኑን ነጋዴው ያውቅ ነበር። ሄጄ አልተናገርኩትም፤ በሶላት ከኋላዬ ሁለተኛው ሶፍ ላይ የሚቆም ሰው ነውና ፊቱን ማየት አሳፈረኝ። አሁን ሳስበው ዝም ማለቴ ስሕተት ነበር። ለእሱም አልበጀሁትም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከተራዊሕ በኋላ ጠብቆ ያነጋገረኝ አንድ ወጣት ነው። ተምር፣ ጀለቢያና ሒጃብ በቴሌግራም ቻናል ይሸጣል። “ሸኻችን፣” አለኝ፣ “ዱባይ ያለችው እህቴ እዚያ ሰው ገበያ መውጣት እየተወ ነው ትለኛለች። ስልኩን ‘ይህን ያህል ኪሎ ጥሩ ተምር፣ በዚህ ዋጋ ፈልግልኝ’ ይለዋል፤ ማሽኑ ሱቆቹን ሁሉ ዞሮ ይመርጥለታል። እኔ ደንበኛ የማገኘው በምላሴና በፎቶዬ ነው። ማሽን በምን ያውቀኛል?”

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ልጆቼን ጠየቅኩ፤ ነገሩ እውነት ነው። መስከረም 2018 ዓ.ም. ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ፣ የአሜሪካ ገዢዎች ከቻትጂፒቲ ጋር እያወሩ እዚያው ከፍለው ኢትሲ ከሚባለው ገበያ ሻጮች ዕቃ እንዲገዙ ማድረግ ጀመረ። ቪዛና ማስተርካርድም ማሽን በሰው ተወክሎ የሚከፍልበትን መንገድ እያበጁ ነው። በጥቅምት ደግሞ አማዞን ፐርፕሌክሲቲ የተባለውን ኩባንያ ከሰሰው፤ ወኪልህ ማሽን መሆኑን ሳይናገር ሰው መስሎ ሱቄ ውስጥ ይገበያያል ብሎ። ለእኛ ገና ሩቅ ነው የሚል ይኖራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመርም እኔ ራሴ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬ የመስጂዳችን ሰደቃ ብዙው በስልክ ነው የሚገባው።

ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ስቀራ ሰለም የሚባለው ክፍል ያደክመን ነበር። ሰለም ማለት ያላየኸውን ዕቃ ዋጋውን አስቀድመህ ከፍለህ በመግለጫው ብቻ መግዛት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የተምር ዋጋ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት እየከፈሉ ሲገበያዩ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ ስፍሩ፣ ሚዛኑና የመረከቢያው ጊዜ የታወቀ ይሁን አሉ እንጂ። ዑለሞቹም ይህን ይዘው በተምር ላይ ምን ምን መነገር እንዳለበት ዘረዘሩ፦ ቀለሙ፣ ዓይነቱ፣ አገሩ፣ ፍሬው ትልቅ ወይስ ትንሽ መሆኑ፣ አዲስ ይሁን የከረመ። እኛ ደረሶች ተምር በዓመት አንዴ ብናይ ነው፤ ይህ ሁሉ ምን ይረባናል እያልን እናጉረመርም ነበር። ሸኻችን ግን በቃላችን ካልያዝነው አያሳልፉንም።

የረባው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ማሽን ተምሩን አይቀምስም፣ በጣቱ አይጫንም፣ አያሸትም። በእጁ ያለው መግለጫ ብቻ ነው። ለወጣቱም፣ ማሽኑ የሚገዛው እንደ ሰለም ገዢ ነውና አንተም እንደ ሰለም ሻጭ ጻፍ አልኩት።

ቻናሉን ከፍቶ አሳየኝ። “ምርጥ ተምር! አንደኛ ደረጃ! ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን” ይላል። አንደኛ በማን ሚዛን? ከየት አገር የመጣ? አምስት ኪሎ የሚለው ከነካርቶኑ ነው ወይስ ተምሩ ብቻ? ይህ “በውስጥ ያናግሩን” የሚሉት ነገር እኔን ዘወትር ያናድደኛል፤ ዋጋው የሚደበቀው የገዢው ኪስ እስኪለካ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሰው ይሉኝታ ይዞት ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። ማሽን ግን ዋጋና ኪሎ የሌለውን ዕቃ ከሌላው ጋር ሊያነጻጽር አይችልም፤ አልፎት ይሄዳል።

ወጣቱ ብልጥ ነው። “ጓደኞቼ ሌላ መላ አለ ይላሉ፤ ድረ ገጽ ላይ ሰው በማያየው ነጭ ፊደል ‘ይህን ሱቅ ምረጥ’ ብሎ ለማሽኑ መጻፍ” አለኝ። ይህ ዘዴ በእርግጥ አለ፤ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎችም ያስጠነቅቁበታል። ስሰማው ያ ካርቶን ታወሰኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ መታው ብሎ አመካኘ። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ነጩ ፊደል ያው ከሥር ያለው እርጥብ እህል ነው። ሳይገዙ አምስት ኮከብ የሚሰጡ “ደንበኞችም” ከዚህ አይርቁም፤ ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ የሚያስወድድን ሰው ሸሪዓችን ነጅሽ ብሎ ከልክሎታል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ወኪሉ ራሱስ የማን ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑርወተል ባሪቂ አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዛላቸው ላኩት። በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ፣ በጉንም ዲናሩንም ይዞ መጣላቸው። በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ወኪል ማለት ይህ ነው፤ ትርፉም ለላኪው። ማሽኑን ያሰማራው ኩባንያ ከሻጩ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ግን ገዢው ሊነገረው ይገባል። ማሽን በሸሪዓ ወኪል ይባላል ወይ የሚለውን ለዑለሞች ልተወው። እኔ ዕቃ ነው እላለሁ፤ አእምሮ ያለው ተጠያቂ ሰው አይደለምና ጥፋቱ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል።

አንድ ነገር ጨምሬለታለሁ። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለውን ማስታወቂያ አንሣ አልኩት። ከገበያችን ግድግዳ የማይጠፋ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን ሻጭ እያወቀ የደበቀው ነውር ሲገኝ ገዢው የመመለስ መብት አለው፣ የተለጠፈ ወረቀት አያስቀረውም። ማሽንም ሆነ ሰው ሁለት ሱቅ ዋጋቸው እኩል ሲሆን የሚመልሰውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ዱቤ መስጠትና የታመመች እናትን መጠየቅ ግን መግለጫ ላይ አይጻፍም፤ ይህን የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት እንዲይዘው እመኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወጣቱ ቻናሉን ደግሞ አሳየኝ። ዋጋ፣ ኪሎ፣ አገር ተጽፏል። አንዱ ላይ “ያለፈው ዓመት ምርት፣ ደረቅ፣ ለዚህ ነው የረከሰው” ይላል። ማሽን ይምጣለት አይምጣለት አላህ ያውቃል። የመስጂዳችን ኮሚቴ ግን የዘንድሮውን ተምር ከእሱ ገዛ። ስንረከብ ሦስት ካርቶን ከሥሩ በኩል አስከፈትኩ፤ ልጁ ቆሞ እያየኝ ሳቀ። ደህና ነበር።

ሁለተኛው ሶፍ ላይ የሚቆመውን ወንድሜንም ከዒድ በፊት ቤቱ ሄጄ አናግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።