ጥቂት ታመን ብዙ የምንሞትበት በሽታ

የጡት ካንሰር የሀብታም አገር፣ የከተሜና የአዛውንት በሽታ ነው የሚለው እምነት በየገጠሩ እናቶችን እያሳጣን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያቀርበውን ንጽጽር እንይ። እጅግ በበለጸጉ አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በዕድሜ ዘመኗ የጡት ካንሰር ይገኝባታል፤ በበሽታው የምትሞተው ግን ከ71 አንዷ ናት። በድሃ አገሮች በሽታው የሚገኝባት ከ27 አንዷ ስትሆን የምትሞተው ከ48 አንዷ ናት። የእኛ ሴቶች በግማሽ ባነሰ ቁጥር ታመው በበለጠ ቁጥር ይሞታሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ሕክምናው ጋ ዘግይቶ መድረስ፣ ደርሶም ሕክምናውን በወጉ አለማግኘት ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ፣ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ ደግሞ እንደሞቱ ገምቷል። ግምት ያልኩት በምክንያት ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው የካንሰር ምዝገባ የሚሸፍነው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። ሐኪም ሳያያት በጓዳዋ ያረፈች የሞጃና ወደራ ወረዳ ሴት በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። ስለዚህ በወረዳዋ ከተማ በሰላ ድንጋይ «ይኼ በሽታ እኛ ዘንድ ብዙም የለም» ሲባል ስሰማ አልጽናናም። ፈልገን መች አየን?

የዕድሜውም ነገር እንዲሁ ያሳስተናል። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው ይበልጥ የሚበረታው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በአገራችን ለሕክምና የሚደርሱት ሴቶች ግን በአብዛኛው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ከዚያም ያነሱ ናቸው። አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በጠቅላላው ወጣት መሆኑ ነው። በእስያም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ በደቡብ ኮሪያ በሽታው የሚበዛው በአርባዎቹ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ኮሪያውያን ይህን ሲያዩ አገር አቀፍ የጡት ምርመራቸውን ከ40 ዓመት ጀመሩ። ዛሬ በኮሪያ በሽታው ከተገኘባቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በአርባ ዓመት መታመም ሞት ማለት አይደለም።

ከእስያ የምንማረው ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት ከቻይና፣ ከጃፓንና ከፊሊፒንስ ወደ አሜሪካ የሄዱ ሴቶችንና ዘሮቻቸውን አጥንቶ ነበር። በአገራቸው ዝቅተኛ የነበረው የጡት ካንሰር በአሜሪካ ከትውልድ ወደ ትውልድ ከፍ እያለ ሄዷል። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው። ብዙ መውለድና ረጅም ጊዜ ማጥባት ከጡት ካንሰር በመጠኑ እንደሚከላከል ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንዳሳዩት እያንዳንዱ የ12 ወር ማጥባት ስጋቱን በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። የእኛ ሴቶች ልጆች ዛሬ ይማራሉ፣ ዘግይተው ያገባሉ፣ ጥቂት ይወልዳሉ። ይህ መልካም ነው፤ ማንም በዚህ ሊወቅሳቸው አይገባም። ግን ነገ ታማሚው እንደሚበዛ አውቀን ከዛሬው እንዘጋጅ።

ዝግጅቱ በትልልቅ መሣሪያ የሚጀመር አይደለም። በሙምባይ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። መጠነኛ ሥልጠና ያገኙ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶቹን ጡት በእጃቸው ዳሰው መረመሩ። እጢው ሳይስፋፋ የሚገኝባቸው ሴቶች በረከቱ፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት የሞቱ ቅነሳ ጎልቶ ባይታይም እጢያቸው ቀድሞ ተገኝቷል። እኛም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የየቤቱን እናት በስም ያውቃሉ፤ እርግዝናዋን ተከታትለዋል፣ ልጇን አስከትበዋል። ለእነዚህ እህቶቻችን ጡትና ብብት መዳሰስን ማስተማር ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሴቶቻችንን ከሚያዘገዩዋቸው ነገሮች አንዱ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት «አይቆጠቁጠኝም እኮ ልጄ፤ ምን ብዬ ሐኪም ቤት ልሂድ?» ብለውኛል። ሕመም እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው እጢው እስኪስፋፋ ይጠብቃል። ሌላው ሐፍረት ነው፤ ጡትን ለወንድ ሐኪም ማሳየት ለብዙዎች ከባድ ነው። ሦስተኛው መንገዱና ገንዘቡ ነው። ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፤ በዚያም ማደሪያ፣ ናሙና፣ ቀጠሮ። ለዚህ ሁሉ በሬ ወይም በግ ይሸጣል፤ መሸጡን የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ባልየው ነው። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ አድርገው ያስተዳድሯት የነበረች ከተማ ናት። በዚህች ከተማ አንዲት እናት ስለ ገዛ ሕይወቷ ለመወሰን ፈቃድ መጠበቅ የለባትም።

ከሐኪም ቤት በፊት የሚመረጠውን ጠበል በተመለከተ ከእምነት ጋር ጠብ የለኝም። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የንስሐ አባቶቻችን ያንኑ ቃል ስለ ጡት እብጠት ቢደግሙት ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል። የሞጃና ወደራ ጤና ጽሕፈት ቤት ይህን የ60 ቀን ገደብ የራሱ ያድርገው። ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት ሴት ሁሉ በመዝገብ ትያዝ፤ ሪፈር ከተጻፈላት በኋላም መድረሷን የሚከታተል አንድ ነርስ ይመደብ። እድሮቻችን ለቀብር እንደሚያዋጡት ሁሉ ለመሳፈሪያም ያዋጡ። አንባቢዬ ደግሞ ዛሬ ማታ እናትዎን፣ ባለቤትዎን፣ እህትዎን «ጡትሽ ላይ እብጠት አለ?» ብለው ይጠይቁ። «አለ» ካሉዎት «አያምምም» ቢሉም ነገ ጠዋት አብረው ይሂዱ።