የተተረጎመ ሁሉ አይነበብም፦ የግእዝ ፊደል በሕዝብ አገልግሎት ገጾች ላይ

ዋና ሐሳብ

አንድ ሕዝባዊ ተቋም መረጃውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ካስተረጎመ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ግን ሥራው በዚያ ደረጃ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እንደሆነ ይሞግታል። ትርጉሙ በስልክ ስክሪን ላይ በምን ዓይነት ፎንት፣ በምን መጠንና በምን ያህል የመስመር ክፍተት እንደሚቀርብ ካልተወሰነ፣ ነዋሪው መረጃው ተዘጋጅቶለት ሳለ ከመረጃው ይጎድላል። ስለዚህ የፊደል አቀራረብ የተደራሽነት መብት አካል ሆኖ እንዲታይ እንጠይቃለን።

ከሃውገንስቱዋ ሲታይ

ሃውገንስቱዋ በኦስሎ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በግሩሩድ ሸለቆ፣ በስቶቭነር ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሰፈር ነው። በባቡር ጣቢያው አካባቢ በሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ከብዙ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ንባብን በግእዝ ፊደል የጀመሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ለእነዚህ ነዋሪዎች መንግሥት በአብዛኛው የሚገኘው በስልካቸው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የኖርዌይ ሕዝባዊ ተቋማት ደብዳቤ፣ ነዋሪው ራሱን ከአሠራሩ ካላገለለ በቀር፣ በመርህ ደረጃ በዲጂታል መንገድ የሚላክ ሆኗል። የመዋዕለ ሕፃናት ማመልከቻ፣ የመኖሪያ ቤት ድጎማ፣ የናቭ ውሳኔ፣ የሕክምና ቀጠሮ፣ ይህ ሁሉ በባንክ አይዲ ተከፍቶ መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ይነበባል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ንባብ ቀነ ገደብ አለው። በአስተዳደር ሕጉ መሠረት በአንድ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ በመደበኛው የሚሰጠው ጊዜ 3 ሳምንት ነው። ውሳኔው ራሱ በኖርዌይኛ ይጻፋል፤ የነዋሪው መብት ምን እንደሆነና ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብ የሚያስረዳው መረጃ ግን በሌሎች ቋንቋዎችም ሊቀርብ ይችላል። ያ ማብራሪያ አንባቢውን አድክሞ ሳይጨረስ ከተዘጋ፣ ቀኑ ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ስቶቭነር በኦስሎ ክፉኛ ከተጠቁት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ የጤና ባለሥልጣናት መረጃ በብዙ ቋንቋዎች አሰራጩ፤ አማርኛና ትግርኛም ነበሩበት። ያ ወቅት ትርጉም የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ መሆኑን አስተምሯል። የተተረጎመው ቃል ለዓይን እንዴት እንደሚቀርብ ግን ዛሬም በቂ ውይይት አልተደረገበትም።

አንዲት ጭረት የምትለውጠው ትርጉም

የአማርኛ 33 መሠረታዊ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላቱ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። አንዱን ቅርጽ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ ቀለበት ወይም አጠር ያለች እግር ናት። በላቲን አጻጻፍ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ በመስመሩ ላይ የራሱ ቦታ አለው። በእኛ አጻጻፍ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተዋሕዷል፤ ስለዚህ ፊደሉ ሲያንስ ወይም ሲደበዝዝ አስቀድሞ የሚጠፋው የአናባቢው ምልክት ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እናነጻጽር፦ «አመልካቹ ይጠየቃል» እና «አመልካቹ ይጠይቃል»። ልዩነቱ «የ» እና «ይ» ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው መሥሪያ ቤቱ እስኪጠይቀው ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ደግሞ ራሱ ሄዶ ይጠይቃል። «ይከፈላል» እና «ይከፍላል»፣ «ይፈቀዳል» እና «ይፈቅዳል» እንዲሁ በአንዲት ፊደል ቅርጽ ይለያያሉ። የአስተዳደር ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ማን ይከፍላል፣ ማን ይፈቅዳል፣ ማን ይጠይቃል የሚለው ነው፤ አማርኛ ይህን ልዩነት የሚሸከመው እጅግ በትናንሽ ምልክቶች ነው።

አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ዐውዱን የሚረዳው ግን ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። በአገሩ አቻ የሌለውን የድጎማ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው የሚመረኮዘው በፊደሉ ላይ ብቻ ነው። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያንና ትምህርታቸው በጦርነት ወይም በስደት የተቋረጠባቸው ወገኖች ሲታሰቡ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል።

በላቲን ልክ የተሰፋ ልብስ

የኦስሎ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ መለያውን ሲያስተዋውቅ «ኦስሎ ሳንስ» የተባለ የራሱን ፎንት ይዞ ቀርቧል። ከተማው ፊደል የአስተዳደሩ ድምፅ መሆኑን ተረድቷል ማለት ነው። ጥያቄያችን ይህ ግንዛቤ የላቲን ፊደል ሲያበቃ አብሮ እንዳያበቃ ነው።

ለላቲን ፊደል ብቻ የተነደፈ ገጽ አማርኛ ሲገባበት የሚፈጠሩት ጉድለቶች በየትም አገር ተመሳሳይ ናቸው። ለገጹ የተመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል ከሌለው ብራውዘሩ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ካገኘው ፎንት ይበደራል። የተበደረው ፎንት እንደ ኒያላ ወይም እንደ አቢሲኒካ በአንድ ውፍረት ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ርእሱ በደማቅ እንዲጻፍ ሲታዘዝ ማሽኑ ጭረቶቹን በራሱ ያወፍራቸዋል፤ እንደ «ጨ»፣ «ጩ»፣ «ጭ» ያሉት ፊደላትም ክፍተታቸው ተደፍኖ ይመሳሰላሉ። አጽንዖት ለመስጠት ሰያፍ ፊደል ሲታዘዝም ማሽኑ ቀጥ ያለውን ፊደል አጋድሞ ያቀርበዋል፤ ይህ በግእዝ የአጻጻፍ ልማድ ውስጥ መሠረት የለውም።

በላቲን ገጾች አርእስትና ቁልፎች ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ይጻፋሉ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍፍል ስለሌለው ያ ትእዛዝ በእርሱ ላይ አይሠራም፤ አርእስቱም ከአንቀጹ ሳይለይ ይቀራል። ፊደላቱን አራርቆ መጻፍ ደግሞ አንዱ ቃል የት እንደሚያልቅ ያደበዝዛል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ስለሚይዝ ይረዝማል፤ በኖርዌይኛ ቃል ልክ የተሠራ ቁልፍ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ጫፍ «አይ» ብሎ የጀመረው ግሥ በ«ም» መዘጋቱን የሚያሳየው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው ጽሑፉ በምስል መልክ ወይም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች በተዘጋጀ ፒዲኤፍ ሲቀርብ ነው። ምስሉ በትንሽ ስክሪን ላይ ሲያድግ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። የድሮው ፎንት ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ነው፤ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በፍለጋ አይገኝም፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ሶፍትዌርም ሊያነበው አይችልም።

ሰበብ የቀረበት ዘመን

የግእዝ ፊደል ለኅትመት እንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያው የግእዝ የኅትመት መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በሮም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ሆኖም አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ፊደሉ ለሌላ ፊደል በተሠራ ማሽን ልክ እንዲጠብ ተደርጓል። በጽሕፈት መኪና ዘመን ቁልፎቹ ጥቂት፣ ፊደላቱ ብዙ ስለነበሩ የአናባቢውን ጭረት ለብቻው መትቶ ከፊደሉ ጋር ማጋጠም ግድ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ያ ግዴታ የለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባለው ፎንት በተለያየ ውፍረት ተሠርቶ፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት በነጻ ፈቃድ ቀርቧል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ማኅበር ደብልዩ ሦስት ሲም የኢትዮፒክ ጽሑፍ አደራደርን የሚመለከት ሰነድ በረቂቅ አዘጋጅቷል። የቀረው የተቋማት ውሳኔ ነው።

ሕጉ የሚለውና የሚዘለው

ኖርዌይ በዚህ ረገድ ጠንካራ ሕግ አላት። የዲጂታል አገልግሎት ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን የሚያዝዘው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2013 ጀምሮ ይሠራል። ከፌብሩዋሪ 2023 ወዲህ ደግሞ ሕዝባዊ ተቋማት ስለ ገጾቻቸው ተደራሽነት መግለጫ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የቋንቋ ሕግም ሕዝባዊ ተቋማት ግልጽ፣ ትክክለኛና ለታለመለት ተደራሲ የተስማማ ቋንቋ እንዲጠቀሙ ይጠይቃል።

ደንቡ የተመሠረተበት ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያም ግልጽ መስፈርቶች አሉት። በመደበኛ መጠን የተጻፈ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ያለው የብሩህነት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ጽሑፉ እስከ 200 በመቶ ሲያድግ ይዘቱ መጥፋት የለበትም። ተጠቃሚው የመስመሩን ክፍተት ወደ ፊደሉ መጠን 1.5 እጥፍ ሲያሰፋው ጽሑፉ መቆረጥ የለበትም። ጽሑፍ ያለ በቂ ምክንያት በምስል መቅረብ የለበትም፤ የገጹና የክፍሎቹ ቋንቋም በኮዱ ውስጥ መገለጽ አለበት።

መመሪያው ግን ዝቅተኛ የፊደል መጠን አይወስንም፤ 14 ፒክስል ለላቲን የሚበቃ ሆኖ ሳለ ለግእዝ ላይበቃ እንደሚችልም አይናገርም። ገጾችን በቀጥታ የሚፈትሸው ሶፍትዌር የሚያየው ኮዱን እንጂ «ፈ» ከ«ፍ» ተለይቶ መታየቱን አይደለም። አንድ ገጽ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ለሃውገንስቱዋ ነዋሪ የማይነበብ ሊሆን የሚችለው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ለተቃውሞዎቹ መልስ

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ኖርዌይኛ ይማሩ» የሚል ነው። መማሩ ተገቢ ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን ደብዳቤው ትምህርቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ተቋሙም ለትርጉሙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ እንዳይነበብ አድርጎ ማቅረቡ ማንንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው «ማሽን ይተረጉመዋል» የሚል ነው። ጉግል ትራንስሌት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ይተረጉማል። ብራውዘር በቦታው የተረጎመው ጽሑፍ ግን የሚወርሰው የኖርዌይኛውን ገጽ መጠን፣ ሰያፍና ጠባብ ቁልፍ ነው። የማሽን ትርጉም በተስፋፋ ቁጥር ገጹ ለሌላ ፊደል ዝግጁ ሆኖ መጠበቁ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው «ተጠቃሚው ጥቂት ነው» የሚል ነው። ማስተካከያው በገጹ የስታይል ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ የሚገቡ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ለአማርኛም ለትግርኛም ያገለግላሉ። ኡርዱና ታሚል የሚያነቡ የግሩሩድ ሸለቆ ጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ጥያቄውን በጋራ ማቅረብ ይገባናል።

ምክረ ሐሳቦች

1. በግእዝ ፊደል የሚቀርብ ገጽ ሁሉ መደበኛና ደማቅ ውፍረቱ በባለሙያ የተነደፈ ፎንት ከገጹ ጋር አብሮ ይጫን፤ ምርጫው ለስልኩ አይተው።

2. የአንቀጽ ጽሑፍ ከ18 ፒክስል፣ የመስመር ክፍተቱም ከፊደሉ መጠን 1.6 እጥፍ እንዳያንስ ይደረግ። ይህ ለመነሻ የምናቀርበው ልክ ነው፤ ከአንባቢዎች ጋር ተፈትኖ ሊሻሻል ይችላል።

3. ለአማርኛና ለትግርኛ ጽሑፍ ሰያፍና የተራራቀ ፊደል ይቅር። አርእስት በመጠንና በውፍረት ይለይ፤ ቁልፎችም እንደ ቃሉ ርዝመት ይስፉ።

4. እያንዳንዱ ጽሑፍ በኮዱ ውስጥ ትክክለኛው የቋንቋ መለያ ይሰጠው። ሁለቱ ቋንቋዎች ፊደል ስለሚጋሩ የማንበቢያ ሶፍትዌር የትኛውን ድምፅ እንደሚመርጥ የሚያውቀው በዚህ መለያ ነው።

5. በምስልና ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ፎንት የተዘጋጁ ሰነዶች ይነሡ፤ በገጽ ጽሑፍ ይተኩ።

6. ከመውጣቱ በፊት ገጹ በአንባቢዎች ይፈተን። በስቶቭነር በሚገኘው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት አረጋውያን ያሉበት አነስተኛ ቡድን በራሱ ስልክ ገጹን ይክፈት። ጥያቄው ገጹን ወደዱት ወይ የሚል ሳይሆን፣ የቅሬታውን ቀነ ገደብ አገኙት ወይ የሚል ይሁን።

7. እነዚህ መስፈርቶች ከትርጉምና ከድረ ገጽ ሥራ አቅራቢዎች ጋር በሚፈረም ውል ውስጥ ይግቡ።

ነዋሪውም የራሱ ድርሻ አለው። የተደራሽነት መግለጫው አስተያየት የሚላክበትን መንገድ መያዝ ይኖርበታል። ያልተነበበውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ የስልኩን ዓይነትና ቀኑን ጽፎ መላክ ይቻላል፤ መልስ ካልተገኘም የደንቡን አፈጻጸም ለሚቆጣጠረው የዲጂታላይዜሽን ዳይሬክቶሬት ጥቆማ ማድረስ ይቻላል። የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ስብሰባም ነዋሪዎች የሚናገሩበት ክፍት ግማሽ ሰዓት አለው። ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን አሰባስበው በአንድ ላይ ቢያቀርቡ፣ የግል ድካም መስሎ የቆየው ነገር የአሠራር ጉድለት መሆኑ በማስረጃ ይታያል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለስቶቭነር ቢቀርብ ተገቢ ነው፤ ወረርሽኙ የመረጃን ዋጋ ያስተማረው ክፍለ ከተማ ነውና።