የእንግሊዝኛ ቃል፦ ሪስትሪክት

የዛሬው ቃላችን እዚህ አምቡሊ አንዲት ጎረቤቴን ጀበናዋን አስጥሏታል።

ወደ ሦስተኛ አገር የምትሄድበት ቀን ደርሶ ስለ ሻንጣ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጧት። አንድ የሰፈር ልጅ አየላትና «ሪስትሪክትድ ይላል፣ ሻንጣ ተከልክሏል» አላት። እሷም ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ የእናቷን ጥበብ ቀሚስ ሳይቀር ለሰው አደለች። እኔ ዘንድ የመጣችው ሁሉን ከጨረሰች በኋላ ነው። ወረቀቱን ሳነበው ግን «ሪስትሪክትድ ቱ 23 ኪሎ» ይላል። እስከ 23 ኪሎ ድረስ ያዢ ማለት እኮ ነው!

ሪስትሪክት መገደብ ነው። መከልከል ሌላ ነው፤ እሱ ፎርቢድ ወይም ፕሮሂቢት ይባላል። በእኛም ቋንቋ ገደብ ከውሃ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ጎርፍ ሲመጣ እዚህ የነበረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ገደብ ውሃውን ይይዘዋል እንጂ አያደርቀውም።

ስለዚህ ቃሉን ስታዩ ቀጥሎ «ቱ» መኖሩን ተመልከቱ፤ ልኩ ያለው ከሱ በኋላ ነው። ሐኪም «ሪስትሪክት ሶልት» ብሎ ከጻፈ ጨው ቀንሱ ማለቱ ነው። በር ላይ «ሪስትሪክትድ ኤሪያ» ከተባለ ግን የሚገባው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። (ፈቃድ ለሌለው ሰው ያው ክልከላ ነው፣ ምን ይደረግ!)

እዚህ ጅቡቲ ፈረንሳይኛ ወረቀትም ይደርሳችኋል። ደግነቱ ሪስትሪክሽን የሚለው ስም በሁለቱም ቋንቋ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሬስትሪክሲዮን ይሉታል።

ይኸው ቃል በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 ውስጥም አለ። ጅቡቲ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1977 ነው። ከአደጋ ሸሽቶ በቀጥታ የመጣ፣ ያለ ፈቃድ ቢገባም ሳይዘገይ ራሱን ያስታወቀ ስደተኛ በእንቅስቃሴው ላይ ከአስፈላጊው በላይ ሪስትሪክሽን እንዳይደረግበት ይላል። እሱም ቢሆን የሚቆየው ስደተኛው በገባበት አገር ያለው ሕጋዊ ሁኔታ መስመር እስኪይዝ ወይም ሌላ አገር እስኪቀበለው ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጣችሁ «እስከ የት? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የጎረቤቴ ጀበና ተመልሶላታል። ቀሚሱን የወሰደችው ሴትዮ ግን ወደ አሊ አዴ ሄዳለች።