ጣዝማን ቈፍረን ስንጨርስ

ዘንድሮ በመጽሔታችን ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ጣዝማ ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ጣዝማ በመሬት ውስጥ የምትኖር፥ ከቀፎ ንብ ያነሰችና የማትናደፍ ንብ ናት። ማሯንም የምታኖረው እንደ ቀፎ ንብ በማር እንጀራ ላይ ሳይሆን፥ በሰም በሠራቻቸው ድቡልቡል ማድጋዎች ውስጥ ነው። ማሯ ቀጠን ኰምጠጥ ያለ ሲሆን፥ ለሳልና ለሆድ ሕመም መድኃኒት ነው ስለሚባል ዋጋው ከሌላው ማር ይበልጣል። ጥፋቷም የመጣው ከዚሁ ነው።

እኔ ራሴ የዛሬ አራት ዓመት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው በአያቴ መንደር፥ ከአጎቴ ልጅ ጋራ አንድ የጣዝማ ጕድጓድ ቈፍሬአለሁ። አያቴን ሳል ይዟቸው ስለ ነበረ ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። በቀዳዳዋ ሰንበሌጥ አስገብተን እርሱን እየተከተልን ወረድን። ያገኘነው ማር አንድ ብርጭቆ እንኳ አልሞላም፤ እጩንም ከአፈር ጋራ ጥለነው ሄድን። በማግሥቱ ብመለስ ጕድጓዱን ጕንዳን ወርሶታል፤ ጥቂት ጣዝማዎችም በራቸው በነበረበት ላይ ይዞሩ ነበር። ለአያቴ ብነግራቸው፥ «ማር አምጡ አልሁ እንጂ ቤት አፍርሱ አልሁ?» አሉኝ።

እንግዲህ አንድ ጕድጓድ ቢጠፋ ምን ይጐዳል የሚል አይጠፋም። በመስከረምና በጥቅምት ሜዳችንን ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ የራሱን ብናኝ ተቀብሎ አያፈራም፤ ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ብናኝ ይሻል። ይህንንም የሚያመላልሱለት የቀፎ ንብና የዱር ንቦች ናቸው።

«የቀፎው ንብ አይበቃምን?» ለሚለኝ የቫኒላን ታሪክ ልንገረው። ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባሉት አበቦች ወገን ነው። ከአገሩ ከሜክሲኮ ወደ ሬዩንዮን ደሴት ቢወሰድ አበበ እንጂ ፍሬ አልሰጠም። በደሴቲቱ የማር ንብ አልጠፋም፤ ዳሩ ግን የዚያን አበባ በር የሚያውቁት የትውልድ አገሩ የዱር ንቦች ነበሩ። በመጨረሻ በ1841 እ.ኤ.አ. ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ፥ ያውም በባርነት ያለ፥ አበባውን በስንጥር ከፍቶ ብናኙን በጣቱ አገናኘው። እስከ ዛሬም ድረስ ቫኒላ በብዙ አገር በሰው እጅ እየተዳቀለ ያፈራል። የጎጃምን ኑግ በስንጥር ማን ይዘልቀዋል?

ስለዚህ በእኔ አሳብ፥ ማሩን የሚሻ ሰው እጩንና ጥቂት ማድጋ ትቶ ጕድጓዱን መልሶ ይክደን። የአረምና የተባይ መርዝ የሚረጩ ወላጆቻችንም አበባ በፈነዳበት ማሳና ንብ በተሰማራበት ቀትር ባይረጩ መልካም ነው። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማእከል ጣዝማን ሲያጠና ቈይቷል፤ የእርሻ ባለሙያዎች ጣዝማን ሳይገድሉ ማርባትን ለገበሬው ቢያስተምሩ አንድ ብርጭቆ ለማግኘት አንድ ቤት አይፈርስም ነበር።

በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር አንዲት የጣዝማ ቀዳዳ አለች። የሳይንስ ክበባችን በድንጋይ እንዲከልልልኝ ጠይቄአለሁ። ቦታውን ግን እዚህ አልጽፍም፤ ከክፍላችን ልጆች መካከል ሳል የያዛቸው አሉ።