የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች እንሁን



በጀመዓችን ውስጥ የሚጽፉ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት አይደሉም። ግጥሙ በየፕሮግራሙ ይነበባል፤ ረዘም ያለው ልብ ወለድ ግን ደብተር ውስጥ ይቀራል። ለምን ሲባል መልሱ “ማሳተሚያ የለም” ነው። እውነት ነው፤ በአገራችን አዲስ ደራሲ ብዙውን ጊዜ የሕትመቱን ወጪ ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ተሸክሞ አከፋፋይ ፍለጋ ይዞራል። ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት የሚጎድል ነገር አለ፦ ጽሑፉን ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚያነብ ሰው።

የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን የመጀመሪያ ልብ ወለድ እንመልከት። የጉራጌው ልጅ ሣህለ ሥላሴ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው የጉራጌ ቋንቋዎችን ያጠኑ ነበር። ወጣቱ ተማሪ በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ሳይሆን በቸሃ ጻፉ፤ ሺኔጋ የሚባል ልጅ በጉራጌ መንደር ሲያድግ የሚያሳይ ታሪክ። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ በ1964 እ.ኤ.አ. “የሺኔጋ መንደር” በሚል ርእስ በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ታተመ። ደራሲው ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ኋላም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሌሎች ልብ ወለዶች ጽፈዋል።

በዚያ ዘመን የቸሃ ልብ ወለድ የሚገዛ ገበያ አልነበረም። የነበረው ቋንቋውን የሚያከብር አንድ አንባቢ ነው። መጽሐፉን ለሕትመት ያበቃውም ይኸው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሰንበቴንና ከሚሴን በመስኮት አይቶ ያልፋል። ከዚያ ውጭ የሚያውቀን በዜና፣ ያውም በክፉ ቀን ዜና ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ፣ የቦርከናን ዳር የጨፋ ሜዳ፣ የሾንኬን የድንጋይ ቤቶች፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ማዕድ ላይ የሚቀላቀሉበትን ቤት ከውስጥ ሆኖ የሚጽፍ ማነው? እኛ ካልጻፍነው ሌላው በመሰለው ይጽፈዋል።

አንዳንድ ወንድሞች “ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ጊዜ ማባከን ነው” ይላሉ። ስለ ይዘቱና ስለ ኒያው መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንደሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል ጥልቅ ሐሳቡን ያስተማረው ሐይ ኢብን የቅዛን በተባለ ሰው ታሪክ ነው። የወሎው ሸህ ጦልሃ ጃዕፈርም ዲኑን ለሕዝቡ ለማድረስ በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ ጽፈዋል። ዓሊሞቻችን ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋና በሚወደው መንገድ መናገርን አልናቁም። እኛም አንናቅ።

ስለዚህ ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ሦስት አንባቢዎች ይመደቡ፤ ቢያንስ አንዷ እህት ትሁን። የመጣላቸውን ጽሑፍ በአንድ ወር አንብበው፣ የጎደለውን በእርሳስ ጽፈው ይመልሱ። ማሞገስ ብቻ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ በአማርኛም፣ በቁቤም፣ በአርጎብኛም የተጻፈ ይቀበሉ። ሦስተኛ፣ የተሻለው ጽሑፍ አንድ ምዕራፍ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። አንባቢ ከወደደው የመጽሐፉን ዋጋ አስቀድመን እያዋጣን ማሳተም እንችላለን። ያኔ “ማሳተሚያ የለም” የሚለው ሸክም በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አይወድቅም።

ደብተር ውስጥ የደበቃችሁት ካለ አውጡት። እኛም ለማንበብ እንዘጋጅ። አላህ ያግራልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።