ከዶክትሬት በኋላ ያለው ዳገት

ልጅ ዶክትሬቷን ስትይዝ ቤተሰብ ይደግሳል፣ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል፣ አያቶች ይመርቃሉ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለዩኒቨርሲቲ መምህርት ግን ሁለተኛው ዳገት የሚጀምረው ያኔ ነው። በውጭ አገር ለምታስተምር ጥቁር ሴት ደግሞ ዳገቱ ይበረታል። ለዛሬ የብሪታንያን ሁኔታ እንመልከት፤ እዚያ ልጆች ያሳደጉ፣ ከዚህም ለትምህርት ሄደው የቀሩ ወገኖች አሉንና።

በብሪታንያ «ፕሮፌሰር» የሚባለው የመጨረሻው እርከን ላይ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሌክቸረር፣ ሲኒየር ሌክቸረር፣ አንዳንድ ቦታም ሪደር የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ኒኮላ ሮሎክ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት ጥቁር ሴት ፕሮፌሰሮች 25 ብቻ ነበሩ። 20ዎቹን አነጋግረዋቸዋል። ሴቶቹ ከነገሯቸው መካከል ግልጽና ስውር ማዋከብ፣ ብቃታቸውን መጠራጠር፣ የዕድገት አሠራሩ ግልጽ አለመሆን ይገኙበታል። በአገሪቱ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፕሮፌሰር ኦሊቬት ኦቴሌ ማዕረጉን ያገኙትም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት የማይቆጠር ሥራ ነው። ለዕድገት በዋናነት የሚታየው የታተመ ጥናትና የተገኘ የምርምር ገንዘብ ነው። ጥቁሯ መምህርት ግን የከፋቸውን ጥቁር ተማሪዎች ስታጽናና፣ «አንድ ጥቁር ሰው ይኑርበት» በተባለ ኮሚቴ ሁሉ ስትቀመጥ ቀኑ ያልቅባታል። ለጽሑፏ የሚተርፋት ሌሊቱ ነው። ሌላው ምክንያት ሰው ማጣት ነው። የሚመክራት አይጠፋ ይሆናል፤ ሹመት በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ «እሷስ?» ብሎ ስሟን የሚያነሳላት ግን ያስፈልጋታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረና የጥቁር ሴት ፕሮፌሰሮችን ቁጥር ለማሳደግ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ሴቶቹን ከማገዝ ጋር የዩኒቨርሲቲዎቹንም አሠራር መለወጥ ዓላማው አድርጓል። ትክክልም ነው፤ መንገዱ ጠማማ ሲሆን መንገደኛዋን ብቻ ማሠልጠን አይበቃም።

እኛም ዘንድ፣ የቀለም ጥያቄ በሌለበት፣ ሴት ምሁራን ብዙ ጠብቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰሩ፣ የባዮሎጂ ምሁሯ የዓለምፀሐይ መኮንን፣ ለማዕረጉ የበቁት ግን በ2009 ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወረስነው እኛው አይደለንም?

እንግዲህ ወላጅና አያት ምን ያድርግ? መጀመሪያ ከቤት በኩል የምንጭንባትን እንይ። የእናት የሐኪም ቀጠሮ፣ የአጎት የቪዛ ፎርም፣ የማኅበሩ ደብዳቤ፣ የዘመድ ትርጉም ሁሉ «የተማረችው» ላይ ይወድቃል። ወንድሟም እንግሊዝኛ ይችላል፤ ግማሹን ለእሱ ስጡት። ዩኒቨርሲቲው የማይቆጥርላትን ሥራ ካበዛባት እኛ ልንደግምባት አይገባም።

ልጃችሁን ለማረስ የሄዳችሁ እናቶች ገንፎውን ብቻ አታስቡ። ሕፃኑን ይዛችሁ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሯን ዘግታ እንድትጽፍ ብታደርጉ፣ ያ ሰዓት ከስጦታ ሁሉ ይበልጥባታል።

ዕድገት ተከለከልኩ ብላ ስትደውል «ቻይው፣ እዚያ መቀጠርሽም ዕድል ነው» አትበሏት። ይልቅ «ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጡሽ? ማንን አማከርሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱ ባይገባችሁም ጥያቄው ብቻዋን እንዳልሆነች ይነግራታል፤ መስፈርቱን በግልጽ እንድትጠይቅም ያደፋፍራታል። በየስልኩ «መቼ ነው ፕሮፌሰር የምትሆኚው?» የሚለውን ግን ተዉት። የዘገየችው ሰንፋ እንዳይመስላት፤ አብዛኛው ጊዜ የዘገየው ፈቃጁ ነው።

ቸር እንሰንብት።